ቅብጥብጡ ፈረስና ጋላቢዋ ጦጣ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ላለው በረከት።

አንዲት ጉረኛ ጦጣ ገና ያልተገራ ቅብጥብጥ ፈረስ ነበራት። የግልቢያ ውድድር ሲታወጅ፣ «ሽልማቱን ካላመጣሁ ጦጣ አትበሉኝ» ብላ ለዱሩ ሁሉ አወራች። ፈተናው ሦስት ነበር፦ በዳኛው በኤሊ ፊት በእርጋታ መራመድ፣ ቦይና ግንድ እየዘለሉ ጫካውን ማቋረጥ፣ በመጨረሻም አጥር መዝለል።

ፈረሱ የከበሮ ድምፅ ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ በሁለት እግሩም ቆመ። ጦጣዋ ጋማውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ «ቀስ በል የኔ ጌታ፣ ዱር ሁሉ እያየን ነው!» ስትል ለመነችው። እሱ ግን በኤሊ ላይ ዘሎ ወደ ጫካው ተፈተለከ። የመጀመሪያው ቦይ ላይ ጦጣዋ ተሽቀንጥራ ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀች። ፈረሱ ግንዱንም አጥሩንም ዘሎ ከሁሉ ቀድሞ ገባ።

ኤሊ አንገቱን ቀስ ብሎ አወጣና፣ «ጋላቢህ የት አለች?» ሲል ጠየቀው።

ፈረሱ እያለከለከ፣ «ጋላቢ ነበረችኝ እንዴ?» አለ።

ኤሊም ሁለቱን ከውድድሩ ሰረዛቸው። ጦጣዋ እያነከሰች ስትደርስ ይህን ሰማች። ልቧ ቢሰበርም ሁሉም ያያት ነበርና ጭቃዋን ጠርጋ፣ «አያችሁ! ያለ ጋላቢ እንዲሮጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» አለች።

በሳምንቱ የግልቢያ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ጥንቸሎችም ለመመዝገብ ተሰለፉ።

እኔም ከኮርቻዬ ወረድኩ፣ ተረቴን አስረከብኩ።