ማንም ያላየው ማሽላ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም ቢሆን። መጻፍ ከመናገር ይቀለኛል፤ ስጽፍ ፊቴን የሚያየኝ የለም።

የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን ስለ ጤና አጠባበቅ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የልጄ ዓይን ዙሪያ መቅላት ሲጀምር ግን የተማርኩት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። መጀመሪያ የዓይኑ ጥግ ብቻ ነበር። ከዚያ የዓይኑ ቆብ አበጠ፤ ቅላቱም ወደ ጉንጩ ወረደ።

አማቴ እትዬ ማንያህልሻል «ክርስትና ሳይነሣ ፊቱን ሰው እንዳያየው» ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። በተለይ የሚፈሩት በጤና ጣቢያው መንገድ ላይ ሸክላ የሚሸጡትን እማማ ጠጂቱን ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ ዓይናቸውን ይፈራል። እኔ በሰው ፊት በዚህ ነገር እስቅ ነበር፤ በልቤ ግን እፈራለሁ። ልጁን ባወጣው ዓይን ይበላዋል፣ ምች ይመታዋል፤ ቅላቱን ለሰው ባሳይ ደግሞ እማማ ጠጂቱ በከንቱ ይታማሉ አልኩ። ስለዚህ መስኮቱን ዘጋሁ። በቅላቱ ላይ ኩል ቀባሁበት።

እትዬ በጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩትና «እሰይ! ዓይኑ እንዴት አምሯል! ምነው እናቱስ እንዲህ ብትኳል!» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ግን ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ያለቅስ ነበር። ይታወርብኛል እያልኩ እሰጋለሁ፤ ከዚያ የባሰውን ቃል በልቤ እንኳ ለመጥራት አልደፈርኩም።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን መምሬ አካሉ ሊጠይቁን መጡ። የአራስ ቤት ስለሆነ አልገቡም፤ ደጅ በርጩማ ወጣላቸው። እትዬ ውኃ ሊያመጡላቸው ወደ ማድቤት እስኪሄዱ ጠብቄ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «አባቴ፣ የሰው ዓይን እውነት ሕፃን ይገድላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

በርጩማቸውን ወደ መጋረጃው አስጠጉ። ከዚያ እንዲህ ብለው ጀመሩ።

«አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። አንድ ዓመት በአገሩ ታይቶ የማያውቅ የማሽላ ምርት አገኘ። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ፈራና በግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ከተተው። አፉን ደፍኖ በእበት ለቀለቀው፤ ጥጃም አሰረበት። ጎረቤት ‹ምርት እንዴት ነው?› ሲለው ‹ተወኝ እባክህ፣ ወፍ ጨረሰው› ይል ነበር።

«ክረምት ገባ። የጉድጓዱ አፍ ረጠበ። ሰውዬው አየ። መክፈት ነበረበት። ነገር ግን ጉድጓድ ብቻውን የሚከፍት የለም፤ ውስጡ የታፈነው አየር ሰው ይጥላል። ገመድ የሚይዝ፣ እህሉን የሚያወጣ፣ የሚያሰጣ ጎረቤት ያስፈልጋል። ጎረቤት ከመጣ ደግሞ ያያል። ስለዚህ በእርጥቡ ላይ እንደገና እበት ለቀለቀ። ሚስቱ ‹አንተ፣ ይህ ሽታ የምንድን ነው?› አለችው። ‹የጥጃው ነው› አላት። ጥጃውን ፈትታ ሌላ ቦታ አሰረችው። ሽታው እዚያው ቀረ። ‹አሁንስ የማን ነው?› ብትለው ‹ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል› አላት።

«የቤቱ እህል አለቀ። ያን ጊዜ፣ ልጆቹ ቁና ይዘው እየጠበቁት፣ ከፈተው። ከላይ ያለው ጠቁሯል። ‹ከሥር ደኅና ይሆናል› አለ። በረጅም እንጨት ቆፈረ። ከሥርም ጠቁሯል። ልጆቹ ባዶ ቁናቸውን እንደያዙ አባታቸውን አዩት።»

መምሬ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው መለሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያን ማሽላ ማን በላው? የሰው ዓይን እንዳትይኝ፤ ማንም አላየውም። ዓይን ይገድላል ወይ ላልሽኝ መልሱን አላውቅም። ያ እህል ግን የሚያየው ዓይን አጥቶ ጠፋ። ይህ መስኮትሽ ባለፈው ስመጣም ዝግ ነበር። ምን እንዳለ አልጠየቅሁሽም። ነገር ግን አንቺም እርጥቡን እየለቀለቅሽ ከሆነ፣ ማሽላሽ ያ ሕፃን ነው። ገመድ የሚይዝልሽ ሰው ሳለ ክፈቺው። ጸሎቱ በእኔ ይሁን፤ አንቺ ለሐኪም አሳዪው።»

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱን ከፈትኩ። ፈልቶ በበረደ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ኩሉን አጠብኩለት። እትዬ ቅላቱን በብርሃን ሲያዩት ጮኹ።

«ወይኔ ልጄን! ማን አየብኝ?»

«ማንም አላየውም፣ እትዬ። እኔ ደብቄው ነው።»

አልተቆጡኝም። ልጁን አቅፌ ወደ ጤና ጣቢያው ስወጣ ጃንጥላቸውን አንሥተው፣ ምች እንዳይመታን ከላያችን ዘርግተው፣ ከኋላዬ ቱስ ቱስ እያሉ ተከተሉኝ። «ነጠላውን! ኧረ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣይለት!» ይሉኛል።

እማማ ጠጂቱ እንስራና ድስታቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ሕፃን ያቀፈች ሴት ስትመጣ ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ሲያደርጉ ስንት ጊዜ አይቼ አልፌያለሁ!  ያን ቀን ግን ቆምኩ። ነጠላውን ከልጄ ፊት ገለጥኩ።

«እማማ፣ ዞር ይበሉና ይዩልኝ» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ዞሩ። አዩት።

«ኧረ ይህ ያማል!» አሉኝ። «ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ፣ ሩጪ እንጂ!»

ሮጥኩ።