ባላንጣውን ሲጠብቅ የኖረው ተከላካይ

አንድ ተከላካይ ነበረ። ኳስ ተጫዋች ማለቴ ነው፣ ትርሲት። «እማዬ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ» አትበይኝ፤ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮኑን ትራስ አድርጎ ነው የኖረው፤ ሳልወድ ተምሬዋለሁ። «ያቺ ከዳተኛ መንገድ ማዶ የራሷን ፀጉር ቤት ከፍታ ስትስቅ እያየሁ እንዴት ልተዋት?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺው ነሽ። ስንት ጊዜ እንደ ጠየቅሽኝ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ለእሱ ስጪው አልኩሽ፣ አልሰማሽም። ጸልዪበት አልኩሽ፣ አልሰማሽም። አሁን ደንበኛሽን ሴትዮ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብተሻል፤ ፀጉራቸው እስኪደርቅ መስኮቱን ልቀቂና ስሚኝ።

ይህ ተከላካይ በወጣትነቱ ጎበዝ ነበረ። አንድ ቀን ግን የሌላ ከተማ አጥቂ ኳሷን በሁለት እግሮቹ መሃል አሾልኮ አለፈውና ጎል አገባ። ሕዝቡ ሳቀ። ኳስ ነው፣ ያጋጥማል። እሱ ግን ያንን ሳቅ ይዞት ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ያ አጥቂ ባለበት ጨዋታ ሁሉ ሌላ ሰው አይታየውም። ሰውየው ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ። ውሃ ሊጠጣ ከመስመር ሲወጣ እንኳ ተከትሎት ሄዶ አጠገቡ ይገተራል። «ወንድሜ፣ አንተም ጠምቶህ ነው?» ይለው ነበር አጥቂው። በዚህ መሃል ኳሷ ሌላ ቦታ ናት።

ዕድሜ ሄደ፣ ጉልበት ከዳ፣ ሁለቱም በየፊናቸው አሰልጣኝ ሆኑ። ሰው ሲበስል ይተዋል ትያለሽ። የት! ያኛው ልምምድ በጠዋት ያሠራል ሲሉት እሱም በጠዋት አደረገው። ያኛው ነባሮቹን አሰናብቶ ወጣቶች አስገባ ሲሉት እሱም ደህና ደህና ተጫዋቾቹን አሰናበተ። ሚስቱ ቢቸግራት፣ «ለመሆኑ የማንን ቡድን ነው የምታሰለጥነው?» አለችው። ተቆጥቷት ወጣ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከዚያው ሰው ቡድን ጋር ሆነ። አቻ ከወጡ ሊጉ ውስጥ ይቆያሉ። ከተሸነፉ ይወርዳሉ፤ ከወረዱ ደግሞ ቡድኑ ይፈርሳል ተብሏል። እነዚያ ልጆች ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እንደሚሆኑት ሆነው ተጋደሉ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ገና ዜሮ ለዜሮ ናቸው።

ያኔ የግራ ተከላካዩ እግሩን ተመታ። መሮጥ አቃተው። ቀይሩኝ ለማለት ወደ አሰልጣኙ እጁን አነሳ።

አሰልጣኙ አላየውም። እሱ የሚያየው ማዶ የተቀመጠውን ባላንጣውን ነው። ሰውየው ጉንጩን በእጁ ይዞ ጎንበስ ቀና ይላል።

«ይሄ ምልክት ነው» አለ የኛው ሰው። «አንድ ነገር ሸርቧል።»

ልጁ እያነከሰ እንደገና እጁን አነሳ። በረኛው ጮኸ፤ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ፣ ወደዚህ!»

«ዝም በል! እሱን እያየሁት ነው!»

ኳሷ በግራ በኩል መጣች። ልጁ አንድ እግሩን እየጎተተ ተከተላት፣ አልደረሰባትም። ጎል ሆነ። ዳኛውም ወዲያው ፊሽካውን ነፋ።

ልጆቹ ሣሩ ላይ ተዘርረው ያለቅሳሉ። አሰልጣኛቸው እነሱን ተሻግሮ የት የሄደ ይመስልሻል? ወደ ባላንጣው!

«ስለ እግዚአብሔር ንገረኝ፣ ጉንጭህን ይዘህ ለልጆችህ ምን ነበር የምታዛቸው?»

«ምን አዛለሁ ጌታዬ» አለው ሰውየው፣ አሁንም ጉንጩን እንደያዘ። «ጥርሴን አሞኝ ነው። ጨዋታውንም በወጉ አላየሁት።»

እንግዲህ ትርሲት፣ ያ ተከላካይ አንቺ ነሽ። አልተበደልሽም አላልኩም። ኳሷ በእግሮቹ መሃል አልፋለች፣ ሐሰት አይደለም። ያቺም አብራችሁ ያቆማችሁትን ቤት ጥላ፣ ደንበኛሽን አስከትላ ሄዳለች፤ እኔም አዝኛለሁ። ግን እሷ ዋጋ ስትቀንስ ቀነስሽ። መጋረጃ ስትቀይር ቀየርሽ። እሷ እሁድ ስትከፍት አንቺም እሁድን ከፈትሽ፣ የሰንበትን ነገር እንኳ ረሳሽው። ቅዳሴ ቆመን ዓይንሽ በሩ ላይ ነው፤ መጣች፣ አልመጣች። ትናንት ደግሞ «ዛሬ ቶሎ ዘጋች፣ ምን አስባ ይሆን?» ስትዪኝ አመሸሽ። እኔ ምን አውቄ! ጥርሷን አሟት ይሆናላ!

እንዴት ልተዋት ትይኛለሽ። መተው ከባድ ነው የኔ ልጅ፤ እግዚአብሔር ካላገዘ እኔም አልችልበትም። ዛሬ ተያት አልልሽም። ዛሬ ዞር በይ ብቻ ነው የምልሽ።

ይኸው፣ አሁንም መስኮቱ ላይ ነሽ። ኧረ በእመብርሃን! የካስኩን ማጥፊያ ባውቀው እኔው በተነሳሁ። ዞር በይ ትርሲት፣ ሴትዮዋ ሞቋቸው እጃቸውን አንስተዋል።