ፈሪ ነሽ ወይስ ሰነፍ?

ልጇን ስታስከትብ ከልጁ ቀድማ የምትጮህ አንዲት ወጣት እናት ነበረች። ነርሶቹ እንኳ «ማንን ነው የምንወጋው?» እያሉ ይስቁባት ነበር። የዚህች ሴት የፊት ጥርስ ተቦርቡሮ ክረምቱን ሙሉ ሲያማት፣ ቅርንፉድ እየነከሰች፣ ስትስቅም አፏን በነጠላዋ እየሸፈነች ከረመች። በመጨረሻ ሳይነቀል ቢሞላልኝ ብላ የጥርስ ሐኪሞች ወደሚማሩበት ክሊኒክ ሄደች።

የዚያን ዕለት አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር፣ አስቸጋሪ በሽተኛን እንዴት እንደሚያናግሩ ተማሪዎቻቸውን ሊያስተምሩ ቆመዋል። አፏን አስከፍተው አዩና፣

«እስካሁን የት ነበርሽ?» ብለው ጮኹባት። ወደ ተማሪዎቹም ዞረው፣ «ለእንዲህ ያለችው ፊት ለፊት ነው የሚነገራት!» አሉ።

ቀጥለውም የጥርስ መንቀያውን አንስተው፣ «በይ ንገሪያቸው፤ ፈሪ ነሽ ወይስ ሰነፍ? ፈሪ ከሆንሽ ለመሙላት አትቀመጪልኝም፤ ሰነፍ ከሆንሽ ለቀጠሮ አትመለሺም። በሁለቱም መንቀል ነው» አሏት።

ሴትዮዋም አፏን ጠረግ አድርጋ፣

«ፈሪስ ነኝ ዶክተር፤ ሰፈር ይመስክር። ግን እየጮህኩም ቢሆን የልጄን ክትባት አንድ ቀን አላስቀረሁም። ክረምቱን ሙሉ ቤት ያስቀመጠችኝ መርፌዋ ሳትሆን፣ ይቺ ‹እስካሁን የት ነበርሽ?› የምትለዋ ናት። እሷን ደግሞ ይኸው ያለ ማደንዘዣ ቻልኳት። ከእንግዲህ መሙላቱ ምን ያቅተኛል?» አለቻቸው።

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ፕሮፌሰሩም መንቀያውን አስቀመጡና፣ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ብለው እንደ አዲስ ጀመሩ።