አራጁና መርፌው

አንድ ሰውዬ ነበረ። ቢላዋ የማይፈራ ሰውዬ።

ስሙን ታደገ እንበለው። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ታደገ ይለዋል። የገና ዋዜማ፣ የፋሲካ ዋዜማ ደጁ በሴቶች ይሞላል። ለምን? ታውቃላችሁ። እኛ ዘንድ ሴት ዶሮ አታርድም። ባሏ መንገድ ቢሄድባት፣ ባሏ ቢሞትባት፣ ዶሮዋን ታቅፋ የወንድ ደጅ ትጠናለች። የዚያ ሰፈር ሴቶች ደጅ የሚጠኑት ጋሽ ታደገን ነበር። በስመ አብ ይላል፣ አንዴ ያሳርፋል፣ አበቃ። ደም ቢረጨው ዓይኑን አያርገበግብም። በግም ሆነ በሬ ሲጣል የሚጠራው እሱ ነው።

ይህ ሰውዬ ስኳር ያዘው።

መጀመሪያ በኪኒን ሞከሩለት። አልሆነም። ሐኪሙ፣ «ከእንግዲህ መርፌ ነው፤ ጠዋትና ማታ» አለው። ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ኑሪያ የምትባል ነርስ ብርቱካን አምጥታ አስተማረችው። «እንዲህ ትይዛለህ» ሳይሆን «እንዲህ ይይዛሉ፣ እንዲህ ይወጋሉ፣ ቀስ ብለው ይገፋሉ» እያለች፣ በአክብሮት። ብርቱካኑን ወጋው። አሳምሮ ወጋው። «ጎበዝ! አሁን ደግሞ ሆድዎ ላይ» አለችው። ሸሚዙን ገለጠ። ቆዳውን ቆንጠጥ አደረገ። መርፌውን አስጠጋ።

እጁ እምቢ አለ።

እስቲ አስቡት! በሬ የሚጥል እጅ፣ የቅንድብ ፀጉር በምታህል መርፌ ፊት ቆመ። ላብ አጠመቀው። አጠገቡ ሚስቱ ነበረች፤ እልፍነሽ ትባላለች። ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ መርፌውን ከእጁ ወሰደችና ወጋችው። «ተይው ሲስተር፣ እኔ እወጋዋለሁ» አለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዶሮ እንዳታርድ የተከለከለችው ሴት ጠዋትና ማታ ባሏን ትወጋለች። ቢላዋ የማይፈራው ወንድ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሆዱን ይሰጣታል።

መፍራት ኃጢአት ነው? አይደለም። እኔ መርፌ የፈራን ሰው አልኮንንም። በገዛ እጅ የገዛ ሥጋን መውጋት ቀላል ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔር ሲፈጥረን ከሚወጋን ነገር እንድንሸሽ አድርጎ ነው የፈጠረን። ሲስተር ኑሪያም፣ «ብዙ ሰው መጀመሪያ እንደዚህ ነው፤ እየመጡ ከእኔ ጋር ይለማመዱ» ብላው ነበር። ቢሄድ ኖሮ ይህን ታሪክ ዛሬ አልነግራችሁም ነበር። የሰውዬው ጥፋት መፍራቱ አይደለም። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ደበቀው።

ለፋሲካ ዋዜማ አንዲት ጎረቤት ዶሮዋን እያቀበለችው፣ «ጋሽ ታደገ፣ መርፌውን ራስዎ ነው አሉ የሚወጉት። አያስፈራም?» አለችው። ሳቀ። «ምኑ ነው የሚያስፈራው? ትንኝ እኮ ትብሳለች!» አላት። ሴቶቹ ሁሉ፣ «አይ ወንድ!» አሉ። እልፍነሽ የዶሮዋን እግር ይዛለት ቆማለች። ሰምታለች። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ባልን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። እሱስ? እሱ የሚስትን ሥራ በሰው ፊት መስረቅ ነውር ነው ተብሎ አላደገም።

አንድ ጊዜ የእህቷ ልጅ ተዳረችና ለሠርጉ ሄደች። «ራሴ እወጋለሁ» ብሎ ነው የሸኛት። ጥቂት ቀን ቆይታ ስትመለስ አልጋው ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ትንፋሹ ይጮኻል፣ ማን እንደሆነች አያውቃትም። በሸክም ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ። ለጠየቀው ሁሉ፣ «የሠርግ ቤት የላኩልኝ ምግብ ነው የጣለኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ እልፍነሽ ከቤቷ ውጪ አድራ አታውቅም። ለሠርግ የለች፣ ለክርስትና የለች፣ ለተዝካር የለች። ዘመዶቿ፣ «ከተማ ገብታ ኮራችብን» አሏት። እሱ ይሰማል። ይሰማና ራቱን ይበላል።

አንድ ቀን ከትውልድ አገሯ ከመንዝ ስልክ ተደወለ። ወንድሟ ደጀኔ ነው።

«እልፌ፣ እማዬ ደክማለች። ስምሽን እየጠራች ነው። እባክሽ ሳትዘገዪ ነይ» አላት።

አብሯት አይሄድም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እግሩ ላይ ስኳሩ ያመጣበት ቁስል አለ፤ ከመኪናው መውረጃ ወዲያ ያለው ደግሞ የእግር መንገድ ነው፤ አይችለውም። ታዲያ ሌላ ሰው ይውጋዋ! ትላላችሁ። እሷም ይህንኑ አለች።

«ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ለሲስተር ኑሪያ ነግሬያታለሁ፣ ትወጋሃለች።»

«ሰፈሩ ሁሉ በዚያ በር ነው የሚያልፈው። ምን ሊሉኝ ነው?»

«እሺ፣ የጎረቤታችን ልጅ የጤና ትምህርት ጨርሳለች፤ እዚሁ ቤት ትምጣልህ።»

«ያቺ ልጅ እኔን? የእናቷን ዶሮ የማርደው እኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ምን ይሁን ታደገ? እናቴ እኮ ናት!»

«እኔው እወጋለሁ አልኩሽ። አንቺ ብቻ ዕቃሽን ሸክፊ።»

ሸከፈች። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳያመልጣት፣ «እስቲ እኔ ፊት ውጋና ልቤ አርፎ ልሂድ» አለችው። መርፌውን ያዘ። አስጠጋ። መልሶ አወረደው። «ዛሬ አልሆነልኝም፤ ነገ» አለ። ወጋችው። መኪናው ሄደ።

በማግስቱም ነገ አለ። ከዚያም ነገ አለ። ደጀኔ እየደወለ፣ «ተነሣሽ?» ይላታል፤ እሷ፣ «ነገ እነሣለሁ» ትለዋለች። አያችሁ? ፍርሃቱ የእሱ ነበር፤ ውሸቱ ግን የእሷም ሆነ። አሮጊቷ እዚያ መደብ ላይ ተኝታ፣ በሩ በተንቋቋ ቁጥር፣ «እልፍነሽ መጣች?» ትላለች። «ነገ ትመጣለች» ይሏታል።

ነገ ነገ ሲባል ሞተች። መርዶው ሲደርስ አፈር ለብሳለች።

ለቅሶ ተቀመጡ። ድንኳን ተተከለ። ከመንዝ ዘመድ መጣ፤ የእልፍነሽ አክስትም መጣች። አክስቲቱ ገና ከድንኳኑ አፍ ደረቷን እየደቃች ጮኸች።

«ዓይኗን በር ላይ እንደተከለች ነው የሄደችው! አንቺ ልጅ፣ ምን ያዘሽ? ከእናትሽ የሚበልጥ ምን ነበረብሽ?»

ሰው ሁሉ እልፍነሽን አያት። እልፍነሽ ደግሞ ቀና ብላ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ተመለከተች። ታደገ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አንድ ቃል ነው የሚፈለግበት። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት» ማለት ነው። ይህን ለማለት ስንት ጉልበት ይጠይቃል? አንገቱን ደፋ። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ለአማቱ ያዘነ መሰላቸውና ትከሻውን እየነኩ አጽናኑት። አጽናኑት፣ ምእመናን! ይህን በተናገርኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

የተወቀሰ ሰው እንዴት አድርጎ ያለቅሳል? የእልፍነሽ እንባ ደረቀ። እናቷን ማልቀስ እንኳን አቃታት።

ቀኑ ሲመሽ ምን ሆነ መሰላችሁ? ታደገ ተነሥቶ በድንኳኑ ዳር አለፈና በዓይኑ ጠቀሳት። የመርፌው ሰዓት ደርሷል! ተነሣች። አክስቲቱ፣ «ደግሞ ወዴት ነው?» አለቻት። «መጣሁ» አለች።

ጓዳ ገቡ። መድኃኒቱን ለክታ መርፌውን ሞላችው። እሱ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጠበቀ። አልወጋችውም። እጁን ያዘችና መርፌውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ሆድህ ይኸው። መርፌህ ይኸው። እኔ እናቴን ላልቅስ» አለች። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ብቻውን ቀረ። ሊጠራት ፈለገ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው አለ፣ እንዴት ይጥራት? ቆሞ ሳለ ከውጪ ልቅሶዋ ተሰማው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። «እማ፣ መጣሁልሽ! ዛሬ መጣሁልሽ!» ትላለች። ያን ድምፅ እየሰማ እጁ ሄደ። ጀግንነት አይምሰላችሁ። ከመርፌው የበለጠ የሚወጋ ነገር ስለሰማ ነው። ቆንጠጥ አደረገ፣ ወጋ፣ ገፋ፣ አወጣ። አበቃ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ወደ እሷ መጣ። ዓይኗ አብጦ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እልፌ፣ ወጋሁ። በራሴ እጅ ወጋሁ» አላት።

አየችው። «አመመህ?» አለችው።

ደስ የሚያሰኛት መሰለው። «ኧረ አላመመኝም! ምንም አላመመኝም» አላት።

እልፍነሽ ይህን ጊዜ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ምነው ባመመህ!» አለች። «ምነው ታደገ፣ ምነው ባመመህ ኖሮ! ቢያምህ ኖሮ፣ ከእናቴ ያስቀረኝ ትልቅ ነገር ነው ብዬ እጽናና ነበር።»

ይህን የነገረኝ ሰውዬው ራሱ ነው። «አባ፣ ለሰው ይንገሩልኝ። ስሜን ብቻ ይለውጡልኝ» አለኝ። አያችሁ? ዛሬም ስሙን ይፈራል! ለወጥኩለት። ዛሬ ራሱን ይወጋል፤ ቁስሉም ድኗል፤ ደህና ነው። ሚስቱም አብራው ናት። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ «ብላ» ትለዋለች፣ እንደ እንግዳ በትሕትና ታናግረዋለች። ይህ ነው የቀረለት።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

በመካከላችሁ መርፌ ታዝዞላችሁ፣ እጃችሁ እምቢ ያላችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። ጸበል ጠጥቼ ልተወው የምትሉ፣ ሳምንት ወግታችሁ ሳምንት የምትዘሉ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ የምትዞሩ አላችሁ። ጸበሉንም ጠጡ፤ መርፌውንም ተወጉ። እጃችሁ ይንቀጠቀጣል? ይንቀጥቀጥ! ወደ ነርሷ ሂዱና «ፈራሁ» በሉ። ይህን ቃል ማለት ምን ነውር አለበት? ሐኪም ፊት «ፈራሁ» ያለ ሰው ሲዋረድ አላየሁም። «አልፈራሁም» ያለ ሰው ግን ቤቱን ሲያፈርስ አይቻለሁ፤ አሁን ነገርኳችሁ።

መርፌ ያልታዘዘላችሁስ? እኔን አይመለከተኝም ብላችሁ አትቀመጡ። ከወንድምህ ተጣልተህ፣ ታርቀህ ፊቱን ማየት ፈርተህ፣ አሮጊት እናትህን በሁለት ቤት መካከል የምታመላልስ አለህ። ልጄ ቢመረመር ምን ይሉኝ ይሆን ብለሽ ፈርተሽ፣ ልጁን በሽታው ሲበላው የምታይ አለሽ። አባት ሆነህ «ተሳሳትኩ» ማለት ፈርተህ፣ ልጅህ ባላጠፋው ጥፋት ከቤት የወጣብህ አለህ። ትላልቅ ሰዎች ናችሁ። በዕድሩ ትናገራላችሁ፣ በሸንጎ ትቀመጣላችሁ። ሰው «አይ ወንድ! አይ ሴት!» ይላችኋል።

ግን ያንን ፍርሃት ማን ነው የተሸከመላችሁ? ፍርሃት እኮ ስትደብቁት አይጠፋም። ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ነው የሚሻገረው። አጠገባችሁ ያለ፣ የሚወዳችሁ፣ እናንተን ላለማዋረድ አፉን የዘጋ ሰው ይሸከመዋል። እሱ ከሠርግ ይቀራል። እሱ ከቀብር ይቀራል። እሱ ይታማል። እናንተ ትከበራላችሁ!

እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ ንስሐ ብትገቡ ይምራችኋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ምሕረት አገኘሁ ብላችሁ ያለፈባትን ዘመን ለሚስታችሁ የምትመልሱ አይምሰላችሁ። የሄደ ሄዷል። ያልሄደ ካለ ግን ዛሬ ነው።

አሁን «አሜን» አትበሉኝ። አሜናችሁን አልፈልገውም። ቤታችሁ ግቡና፣ ዝም ያለላችሁን ሰው ፊት ለፊት ቁጭ አድርጋችሁ፣ «እኔ ስፈራ አንቺ ምን ቀረብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትመልስላችሁም አታቋርጧት።