የተመረገው ጎታ

ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚያመላልሳት አንዲት አባባል አለች። ገበያም ትሰሟታላችሁ፣ ሰርግ ቤትም ትሰሟታላችሁ፤ የሰማ ይስቅና ያልፋል እንጂ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ታሪኳን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ ደግሞ ውሸት አትወድም፤ ብትጨምርም ለጣዕም ያህል ነው።

ጓዴ የሚባል ገበሬ ነበር። ሥራ አይጠላም፣ ጉልበትም አላነሰውም፤ ያለው ግን አንድ በሬ ብቻ ነው። ጎረቤቱ አያ ደርሰህም እንደ እሱ አንድ በሬ ስለነበራቸው በመቀናጆ ያርሳሉ፤ ሁለቱን በሬ አንድ ላይ ጠምደው መጀመሪያ የአንዱን ማሳ፣ ከዚያ የሌላውን። አያ ደርሰህ ሽማግሌ ናቸውና ቅድሚያው ሁልጊዜ የእሳቸው ነው። የጓዴ ጤፍ በየዓመቱ ዘግይቶ ይዘራል፣ ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ሁለተኛ በሬ ካላገኘ ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ሊቀር ነው።

ሚስቱ ይታይሽ ይህ ነገር ሲያንገበግባት ኖረ። አንድ ዓመት እግዜር ብሎ አዝመራው አማረ። ጤፉ ተወቅቶ ሲገባ ሦስት ጎታ አሰለፈችና፣

"ይኸኛው የምንበላው ነው። ይኸኛው ዘር ነው፤ ብንራብም አይነካም። ይኸኛው ደግሞ በሬ ነው" አለች።

"የምን በሬ?" አለ ጓዴ።

"ገና ያልተገዛው ነዋ! አርባ ቁና ይዟል። አሁን ብንሸጠው ጤፉ ረክሷል፣ ለበሬ ጅራት እንኳ አይበቃም። ሐምሌ ላይ የሰው ጎተራ ሲራቆት ግን ሙሉ በሬ ይገዛል። እስከዚያ ማሽላ እየቀላቀልን እንበላለን።"

ይህን ብላ የሦስተኛውን ጎታ አፍ በጭቃና በእበት መረገችው።

ጓዴ ግን አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ ያለውን አለኝ ማለት አይወድም። ዘመድ ሰምቶ እንዳይጠይቀው፣ ዓይን እንዳይበላው ይፈራል። "አዝመራው እንዴት ነው?" ሲሉት፣ "ኧረ ተዉኝ! ጎታዬ ውስጥ አይጥ ብትወድቅ እግሯ ይሰበራል" ይላል። አገሩም እውነት መስሎት አዘነለት።

ጥር ሲገባ የሚካኤልን ጽዋ የማብላት ተራው ደረሰ። ማኅበርተኞቹ "ምስኪን፣ ቸግሮታል፤ ዘንድሮ እንለፈው" ተባባሉ። ጓዴ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

"እኔ ጓዴ ልታለፍ? ተራዬንማ አበላለሁ!"

"እንግዲያው ከምንበላው ጎታ ቅዳ" አለችው ይታይሽ።

"ባዶ ነው ስል ከርሜ ዛሬ ጤፍ ባወጣ ውሸታም ልባል?"

"ውሸታም ነህ እኮ!"

"ብሆንስ!"

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ባዶ ስልቻ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እመት ብርቄ ቤት ሄደ። እመት ብርቄ እህል እያበደሩ የከበሩ ሴት ናቸው። አራት ቁና ጤፍ ሰፈሩለት። ሚያዝያ ሲያልቅ ስድስት አድርጎ ሊመልስ፣ ካሳለፈ አሥራ ሁለት ሊሆንበት ተስማማ። መያዣው ያው አንድ በሬው ነው። ዋስ የሆኑት ደግሞ አያ ደርሰህ ናቸው፤ አሳዘናቸዋ! በሬው መያዣ መሆኑን ለይታይሽ ትንፍሽ አላለም።

ድግሱ አማረ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ሚያዝያም አለቀ። ጓዴ ጎታውን ቢከፍት ጉዱ ሊወጣ ነው፤ ዝም ቢል ዕዳው ሊያብጥ ነው። እሱ ዝምታውን መረጠ። አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ "ወንድ ልጅና ኩራቱ!" እያለች ጭኗን ትመታ ነበር።

ግንቦት እንደገባ እመት ብርቄ አያ ደርሰህን አስከትለው መጡና የበሬውን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ይታይሽ ከቤት ሮጣ ወጣች።

"ምን እያደረጉ ነው እሜቴ?"

"መያዣዬን ልወስድ ነዋ! ባልሽ አሥራ ሁለት ቁና ዕዳ አለበት።"

ይታይሽ ወደ ባሏ ዞረች። ጓዴ መሬት መሬቱን ያያል። አያ ደርሰህ አላስቻላቸውም።

"ብርቄ፣ ስለ ሚካኤል! ሰውየው የሚቀምሰው የለውም። እኔ ለዘር ካስቀመጥኳት ሦስት ቁና ልስጥሽና ታገሽው" አሉ።

ጓዴ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ሽማግሌው ለእሱ ውሸት ሲሉ ዘራቸውን ሊሰጡ ነው።

"የለም አያ! የእርስዎንማ ዘር አልበላም። አለኝ! ጤፍ አለኝ! ሦስት ጎታ!" ብሎ ጮኸ። ቤት ዘሎ ገባና መጥረቢያ አንሥቶ ወደ አንዱ ጎታ ቀረበ።

"ኧረ ያንን አይደለም፣ እሱ ዘር ነው!" ብላ ይታይሽ ክንዱን ያዘችው። "ከአፋችንም ከዘራችንም አናነሣም። ያጠፋኸው በሬውን ነው፤ ከበሬው ጎታ ክፈል።"

ጓዴ በመጥረቢያው ጀርባ ምርጉን ሲመታው ነጩ ጤፍ ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ። አያ ደርሰህ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። ይታይሽ አሥራ ሁለት ቁና ሰፈረች። እመት ብርቄ "እንዲህ ያለውን ተበዳሪ ያብዛልኝ!" እያሉ በአህያ አስጭነው ሄዱ።

ጓዴ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

"በሬያችንን በላሁት" አለ።

"አልጨረስከውም። ሃያ ስምንት ቁና ቀርቷል። ሙሉ በሬ ባይገዛም ወይፈን ይገዛል። ዘንድሮ ይቀለባል፣ ለከርሞ ይገራል። አንድ ዓመት ዘገየን እንጂ አልቀረንም።"

ጓዴ ተነሥቶ በገዛ እጁ ጭቃ አቦካና ጎታውን መረገ። ከዚያ ወዲያ ስለ አዝመራው ሲጠይቁት እውነቱን ይናገር ጀመር። አንድ የአጎቱ ልጅ ጤፍ ሊጠይቀው መጣ። "አለኝ፤ ግን ወይፈን ልገዛበት ያኖርኩት ነው" አለው። ልጁም "ይቅናህ" ብሎ ሄደ። ለካ ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር አልነበረም!

ሐምሌ ላይ ጤፉ ይታይሽ እንዳለችው ተወደደ፣ ተሸጠ። ጓዴ አንድ ዳማ ወይፈን ገዝቶ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ፊቱ በርቶ ከገበያ ተመለሰ። አያ ደርሰህ ከኋላ ይነዱለታል። መንደር ሲገቡ ማኅበርተኞቹ ከበቡት።

"ይታይሽ ያኖረችው እኮ ለሙሉ በሬ ነበር ሲባል ሰማን፤ ታዲያ ወይፈን?"

"ሌላውን ለእመት ብርቄ ዕዳ ከፈልኩበት" አለ ጓዴ አንገቱን እያከከ።

"ጤፍ እያለህ ምን ክፉ ቀን ገጥሞህ ተበደርክ?"

ጓዴ አያ ደርሰህን ዞር ብሎ አያቸው። ሽማግሌው የወይፈኑን ጀርባ መታ መታ አድርገው፣ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው፣ "ምን ይገጥመዋል ልጆቼ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አሉ።