ለእማማ ብርቄ አልቆም ያለው ባቡር

ኑ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው በጆሮው፣ የሌለው ከጎረቤት ተውሶ ይስማ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጤፍ ማሳው ከቆርቆሮ ቤቶች ጋር በሚጋፋበት ዳርቻ፣ አንድ ባቡር ጣቢያ ነበረ። ፈረንጆቹ ሲያሠሩት አዳራሹን እንዲያ አስረዘሙትና፣ በአንዱ በር ጎረምሳ ሆኖ የገባ በሌላው በር ሽበት አውጥቶ ይወጣል። ለባቡሩ ውሃ የሚቀዳበት ጋን የተሰቀለበት ማማ ላይ ለመድረስ ቁራ እንኳ መሀል ላይ ያርፋል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ወተት ሻጩ ባቡሩን ሲሞላው፣ እግሩን ሊያክ ያነሳ ሰው ማሳረፊያ አጥቶ ከተማ ድረስ በአንድ እግሩ ይሄዳል። አልዋሽም፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

በኋላ አስፋልት መጣ፣ ታክሲ መጣ፤ ሰዉም ወደዚያ ጎረፈ። ባቡሩ ሳይቆም ማለፍ ለመደ። ጣቢያው ውስጥ የቀሩት ጠባቂው ጋሽ ቶሎሳና ሚስታቸው እማማ ብርቄ ብቻ ነበሩ።

ክረምት ላይ ጋሽ ቶሎሳ ታመሙ። በመኪና ከተማ ሆስፒታል ተወሰዱ። በማግስቱ ጎርፍ የአስፋልቱን ድልድይ ጠርጎ ሄደ። እሳቸው እዚያው አረፉ፣ እዚያው ተቀበሩ። እማማ ብርቄ አፈር እንኳ አላለበሷቸውም። ምኞታቸው ይቺው ብቻ ሆነች፤ መቃብራቸው ላይ አንድ እፍኝ አፈር ማድረግ። መንገዱ ተቆርጧል፤ ያለው ባቡሩ ነው።

ሃዲዱ ዳር ቆመው፣ “ልጄ፣ ቁምልኝ!” አሉት።

“ባንዲራ ሳላይ አልቆምም፣ እናቴ!” ብሎ እየፎከረ አለፈ።

ወደ ጣቢያው ባንዲራ ሄዱ። “ተውለብለብልኝ፤ ባቡሩ አልቆም አለኝ።”

“ደወሉ ሳይጮህ? ያበድኩ መሰልኩዎት?” አለ ባንዲራው።

ወደ ደወሉ ሄዱ። “ጩህልኝ፤ ባንዲራው አልውለበለብ አለ፣ ባቡሩም አልቆም አለ።”

“ሰዓቱ ሳይመታ የምጮኸው ጅብ ነኝ እንዴ?” አለ ደወሉ።

ወደ ሰዓቱ ሄዱ። “ምታልኝ፤ ደወሉ አልጮህ አለ፣ ባንዲራው አልውለበለብ አለ፣ ባቡሩም አልቆም አለ።”

“ማን ሞላኝና! መሙያ ቁልፉን ይጠይቁ።”

ወደ ቁልፉ ሄዱ፤ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። “ዙርልኝ፤ ሰዓቱ አልመታ አለ፣ ደወሉ አልጮህ አለ፣ ባንዲራው አልውለበለብ አለ፣ ባቡሩም አልቆም አለ።”

ቁልፉ ደስ ብሎት፣ “እሺ! እኔ የምዞረው ግን በጋሽ ቶሎሳ ጣት ነው። የት ሄደው ነው የቆዩት? ሲመጡ እዞራለሁ” አለ።

እማማ ብርቄ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ሄደው፣ “ቁልፉ አልዞር አለ፣ ሰዓቱ አልመታ አለ፣ ደወሉ አልጮህ አለ፣ ባንዲራው አልውለበለብ አለ፣ ባቡሩም አልቆም አለ። ሁሉም ቶሎሳን እየጠበቁት ነው” አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸውን ያዙ። “አይ የእኛ ነገር! ለሰፈሩ ሁሉ ጥሩምባ ነፍተን፣ ድንኳን ተክለን፣ ለጣቢያው መርዶ የነገረው የለም! አብሯቸው ያረጀው እሱ አይደል?”

ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ፣ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጠረጉ።

“ይተዉት፣ ጋሼ” አሉ እማማ ብርቄ። ቁልፉን ከሚስማሩ አውርደው በሁለት እጃቸው ያዙት። “ስማኝ፣ ልጄ። ቶሎሳ አይመጣም። ሞቷል።”

እስከዚያች ጠዋት ድረስ “ሆስፒታል ነው” እንጂ “ሞቷል” ብለው አያውቁም። ቃሏን ከአፋቸው ሲሰሟት እሳቸውም ከሽማግሌዎቹ ጋር ዋይ አሉ። የአዳራሹ ግንብ እንባ አፈሰሰ፤ ጋኑ እንኳ ሞልቶ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ቁልፉ በእማማ ብርቄ ጣት ዞረ፣ ሰዓቱ መታ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ባንዲራው ተውለበለበ፣ ባቡሩም ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ቆመ።

ትኬት ቆራጩ በሩን ከፍቶ፣ “ስንት ሰው ናችሁ፣ እናቴ?” አለ።

እማማ ብርቄ ከኋላቸው ዞር ብለው አዩ።

“ብቻዬን ነኝ” አሉና ተሳፈሩ።

ከተማ ደርሰው ጋሽ ቶሎሳን አፈር አለበሷቸው። ሲመለሱ ግን እጃቸውን አላራገፉም፤ የመቃብሩን አፈር እንደጨበጡ ነው ቤታቸው የገቡት። የእኔም ወሬ እዚህ ትወርዳለች፤ እናንተ በደህና ግቡ።