የአስካለን ልጅ ክርስትና ማን ታንሣት?

በአንድ ወቅት፣ ሐኪም ቤት የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅበት አገር፣ አስካለ የምትባል ፅንስ የማይጸናላት ሴት ነበረች። በስንት ስለት አንዱ ጸንቶላት ሆዷ ገፋ ሲል፣ ግራ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ አብጦ ጋለ። እኛ መቼም ለማናውቀው በሽታ ሁሉ ስም አናጣም፤ «ብርድ ነው» ተባለና ወጌሻ ተጠሩ።

ወጌሻዋ ቅቤ ቀብተው ሊያሹ ሲሉ ጎረቤቷ ደብሪቱ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ አይነካም! እህቴ እንዲህ ያበጠ እግሯ ታሽቶ ነው የሞተችብኝ።»

ወጌሻዋ ደግሞ የደብሪቱ የገዛ አማቷ ነበሩ። በሰው ፊት አዋረደችኝ ብለው ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አላስረገጧትም።

ያን ዕለት የመንደሩ ወንዶች በሌላዋ የአስካለ ጎረቤት በየውብነሽ አውድማ ለደቦ ወጥተው ጤፍ ይወቃሉ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ጤፉን ተዉትና ቃሬዛ አንሡ!» አለች የውብነሽ።

ባሏ አፈጠጠባት፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች። አስካለን ወደ ሐኪም ቤት ተሸክመው ሲሄዱ ዝናቡ ወረደ፤ ጤፉን ጎርፍ ወሰደው። የውብነሽ ያን ዓመት የሰው እጅ አይታ ከረመች።

ሐኪሙ መርምሮ፣ «ሰውነቷ ራሱን እየወጋ ነው፤ ደሟ ያለ ቦታው ይረጋል። የጭኗን ትልቅ ደም ሥር ዘግቶታል። ቢታሽ ወይም ብትዘገዩ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባዋን ሊደፍን ይችል ነበር። ፅንሶቿንም ያሳጣት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እስክትወልድ በየቀኑ ሆዷ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ትወጋ» አለ።

ማን ይውጋ? ደም ስታይ የሚያዞራት ሌላዋ ጎረቤቷ ጥሩሰው ተነሣች። ጥሩሰው ልጅ አልወለደችም። መርፌውን ተምራ በየማለዳው ወጋቻት፤ አስካለ ስታለቅስ አብራ እያለቀሰች። የጥሩሰው ባል ከተማ ሥራ አግኝቶ «ነይ» ቢላት «አስካለ ሳትወልድ አልመጣም» አለች። እሱም ሌላ አገባ።

ሴት ልጅ ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ቄሱ «ክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ ሦስቱም «እኔ!» አሉ።

«እኔ እጃቸውን ባልይዝ ሬሳ ነበር የምትሸከሙት» አለች ደብሪቱ።

«ሐኪም ጋ ባትደርስ መርፌው ከየት ይመጣ ነበር?» አለች የውብነሽ።

ጥሩሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አለች።

«ክርስትና እናት አንዲት ናት» አሉ ቄሱ ቁርጥ አድርገው።

አስካለ ልጇን ታቅፋ ሦስቱን አየቻቸውና እንባዋ መጣ። አንዷ ብትጎድል ኖሮ እናትም ልጅም አፈር ነበሩ። አንጀቴን የሚበላኝ ደግሞ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው መቆማቸው ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሕፃኗን ለማን ትስጥ?